ደሴቱ ላይ የቀረው ሰው

ማህደር ስትደውል ተስፋኣለም ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ፣ ትንሿን ሻንጣውን እግሮቹ መሐል አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ ሶሪ። በጣም ሶሪ። መምጣት አልቻልኩም» አለችው። ድምፅዋ ከሩጫ እንደመጣ ሰው ይቆራረጣል። «ሥራ ቦታ ኢመርጀንሲ ተፈጠረ። ሁሉም ሰው ፈቃዱን ካንሰል ያድርግ ተባለ።»

«ምን ችግር አለው ልጄ፤ ሥራ ነው። እኔም በዚያው ወደ ቤት ልመለሳ።»

«ኖ፣ እንዳትመለስ! ሁሉ ነገር ቡክ ሆኗል። ደግሞ አንተ ሐይቅ ትወዳለህ። አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ እኮ ነው አየርላንድን የመረጥኩት። ፕሊስ አባዬ፣ ለእኔ ስትል ሂድልኝ።»

ሐይቅ የምትወደው እናቷ ነበረች። የልጇን ፀጉር እየሠራች፣ የቢሾፍቱ ውሃ ጠዋት ምን እንደሚመስል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምን እንደሚመስል ታጫውታት የነበረችው ኣበባ ነበረች። ተስፋኣለም ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር እንጂ ስለ ሐይቅ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ኣበባ ካረፈች ወዲህ ግን ማህደር የእናቷን ወሬ ከአባቷ ጋር እያደባለቀችው መጥታለች። እሱም አላረማትም። ልጅ ስለ አባቷ አንድ ነገር አውቃለሁ ብላ ደስ ሲላት፣ አይደለም ማለት ከበደው።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አላት።

«ፎቶ ላክልኝ፣ ኦኬ? ብዙ ፎቶ!» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ተስፋኣለም ለሂትሮው እንግዳ አይደለም። ጡረታ እስኪወጣ የሠራው እዚያው ነው። የአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ተቀጥሮ መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ ነበር፤ ኋላ ምግቡን በመኪና ወስዶ አውሮፕላን ላይ የሚጭን ሆነ። ለንደን ውስጥ ሆሎዌይ ካለው፣ ከማዘጋጃ ቤት ከተከራየው የካውንስል ቤቱ ጎህ ሳይቀድ እየወጣ፣ ሰው ሁሉ ወደየአገሩና ወደየመዝናኛው ሲበር ስንቁን ጭኖ ይሸኝ ነበር። እሱ ራሱ የበረረው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ለሽርሽር ሲበር ይህ የመጀመሪያው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያይ፣ ያቺ የሚያውቃት ዓይነት የምግብ መኪና ከአውሮፕላኑ ስትላቀቅ ተመለከተ። ለሾፌሩ እጁን ሊያነሳለት ፈለገና ተወው። መስኮት ውስጥ ያለ ሰው ከታች እንደማይታይ ያውቃል። አጠገቡ ያለው የማህደር ወንበር ባዶውን ሄደ።

ከሻነን አውሮፕላን ጣቢያ በአውቶቡስ፣ ቀጥሎ በታክሲ ሄዶ የእንግዳ ማረፊያው ሲደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሐይቁ ከቤቱ በታች ተዘርግቷል። እሱ እንዳሰበው ሰማያዊ ሳይሆን እንደ ድስት ክዳን ግራጫ ነው። ዙሪያውን ዝቅ ዝቅ ያሉ ኮረብታዎች፣ በድንጋይ ካብ የተከፋፈሉ መስኮችና የተበተኑ በጎች ይታያሉ። ውሃው መሐል ዛፍ የወረሳቸው ትንንሽ ደሴቶች ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠረጴዛው ለሁለት ሰው ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የቤቱ ባለቤት፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ደልደል ያለች ሴት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች።

«ሌላዋ እንግዳ ይወርዳሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ልጄ ነበረች። አልመጣችም። ሥራ በዛባት።»

«አይ፣ ያሳዝናል» አለችና ሁለተኛውን ስኒ፣ ሁለተኛውን ሰሐን፣ ማንኪያና ቢላዋውን አንድ በአንድ ሰብስባ ሄደች። ዕቃው ሲነሳ ጠረጴዛው ድንገት ሰፋበት። እንቁላሉን ቶሎ ቶሎ በልቶ ወጣ።

ጠዋቱን በሐይቁ ዙሪያ በሚሄደው የእግር መንገድ ሲንሸራሸር አረፈደ። ቦታው እውነትም ያምራል። ብስክሌት የሚነዱ ባልና ሚስት ያልፉታል፤ ቢጫ ታንኳ ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶች እየተሳሳቁ ይቀዝፋሉ፤ ሸምበቆው ዳር አንድ እግረ ረጅም ግራጫ ወፍ ሐውልት መስሎ ቆሟል። የሚገርመው፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰላም ይለዋል። «ጥሩ ቀን ነው» ይሉታል፣ ሰማዩ ጠቁሮም ቢሆን። ሆሎዌይ ሮድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሄድ ይህን ያህል ሰው ሰላም ብሎት አያውቅም። መጀመሪያ ደስ አለው። እየቆየ ግን፣ ሰላም ካሉት በኋላ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው ወሬያቸውን እየቀጠሉ ሲሄዱ፣ እሱ ብቻውን ሰላምታውን ይዞ መቅረቱ ተሰማው። «ኣበባ ብታየው» ብሎ አሰበ። ኣበባ ብትሆን ከሁሉም ጋር ቆማ ታወራ ነበር፤ የወፉንም ስም ጠይቃ ሳታውቅ አትመለስም።

የማረፊያው ባለቤት ከሰዓት በኋላ ወደ ትልቁ ደሴት የሚሄዱ ጀልባዎች እንዳሉ ነግራው ነበር። ደሴቱ ላይ ድሮ መነኮሳት የኖሩበት የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለ። ተስፋኣለም ካቶሊክ ነው፤ ሌላው ሌላው ቢቀር ይህን አይቼ ልመለስ ብሎ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደ።

ሁለት ጀልባዎች ነበሩ። የሚነዷቸው ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛውን ጀልባ የአያታቸውን ልደት ሊያከብሩ ከደብሊን የመጡ ቤተሰቦች ሞሉት። በሁለተኛው ላይ ቦርሳና ዘንግ የያዙ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ ያደረጉ የእግር ጉዞ ማኅበርተኞች ተሳፈሩ። ተስፋኣለም ከየትኛውም አልነበረም። «እዚህ ቦታ አለ» ያለው ታናሽየው ወንድም ነው፤ ከማኅበርተኞቹ መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አለበሱትና ሄዱ።

ደሴቱ ላይ ታላቅየው ወንድም ስለ መነኮሳቱ ትንሽ አስረዳ። ጣሪያው የተነሳ፣ ግድግዳው የድንጋይ ሽበት የወረሰው ትንሽ ሕንፃ ነው። ገለጻው እንዳለቀ ሰው ሁሉ ፎቶ ወደ ማንሳት ገባ። አንዲት የደብሊን ሴት ወደ ተስፋኣለም መጣች።

«ይቅርታ፣ ሁላችንንም ታነሳናለህ? አንዳችን ስናነሳ አንዳችን እየቀረን ተቸገርን።»

«በደስታ» ብሎ ስልኩን ተቀበላት። አያትየዋን ከመሐል አስቀምጦ፣ ረጃጅሞቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አነሳቸው። እነሱን ሲያነሳ ያዩ ማኅበርተኞችም ስልካቸውን እያቀበሉ ተሰለፉ። ሁሉንም አነሳ። ሁሉም አመስግነውት ስልካቸውን እያዩ ሄዱ። አንተንስ ላንሳህ ያለው ግን አልነበረም። ለማህደር ብሎ በራሱ ስልክ ግድግዳውን፣ ዛፉንና ውሃውን አነሳ። አንዱም ላይ ሰው የለበትም።

ከዚያ ወደ ደሴቱ ማዶ ጫፍ ሄደ። እዚያ እሾሃማ ዛፎች ሥር ጥቂት የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ጽሑፋቸውን ዝናብ በልቶታል። ቁጭ ብሎ ለኣበባ አባታችን ሆይ ደገመላት። ልቡ እዚያው ሄደና ብዙ ቆየ። የሞተሩን ድምፅ የሰማው እንደ ሕልም ነው። «ሊነሱ ነው» ብሎ ብድግ አለ። ጉልበቱ ስለሚያመው ቶሎ መሄድ አልቻለም። ዛፎቹን አልፎ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ሁለቱም ጀልባዎች ተከታትለው እየራቁ ነው።

«ሄይ!» ብሎ ኮፍያውን አውለበለበ። ነፋሱ ወደ እሱ ነው የሚነፍሰው፤ ድምፁን መልሶ አጎረሰው። የኋለኛው ጀልባ ላይ እናቷ ጭን ላይ የተቀመጠች ሕፃን ብቻ አየችው። እሷም ደህና ሁኚ ያላት መስሏት እጇን አወዛወዘችለት። እስክትርቅ ድረስ ስታወዛውዝለት ነበር።

ተስፋኣለም መጀመሪያ አልደነገጠም። «ማዶ ሲደርሱ እንደሌለሁ ያያሉ፤ ይመለሳሉ» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጀልባዎቹ ከማቆሚያው ተጠጉ። ትንንሽ ሰዎች ወርደው ወደ መኪኖቻቸው ሲበታተኑ በሩቁ አየ። የሚመለስ ጀልባ ግን የለም። ኋላ እንዳወቀው፣ ታላቅየው ከታናሽየው ጋር ያለ መስሎት ነበር፤ ታናሽየውም ከታላቅየው ጋር። ቤተሰቡ ከማኅበሩ ነው አለ፤ ማኅበሩም ከቤተሰቡ።

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ወደ ፍርስራሹ እያነከሰ ሄዶ አንድ ማዕዘን ላይ ተጠጋ። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ አለው። ማህደር ጋ ደወለ። ጠርቶ ጠርቶ መልእክት ወደሚቀበለው ቮይስሜይል ገባ።

«ማህደርዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። ሥራ ላይ ናት፤ ልጅቷን ምን ብሎ ያስጨንቃት? «ደህና ነኝ። ሐይቁ በጣም ያምራል። ትንሽ ይዘንባል እንጂ … በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ። ቻው።»

ከዘጋ በኋላ በራሱ ተናደደ። ስሞቹን ወደ ታች እየገፋ ሌላ ሰው ፈለገ። አብረው የሠሩት ኪዳኔ ልጁ ወዳለበት ሊድስ ከተማ ከሄደ ቆየ፤ አሁን ሰው መለየት አቅቶታል ይባላል። ቀጥሎ ያለው ሞቷል፤ ከቀጣዩም በኋላ ያለው እንዲሁ። ቁጥራቸውን መሰረዝ እየከበደው አስቀምጦት ነው። ፖሊስ ጋ መደወል እንደሚቻል ያውቃል። ግን ምን ብሎ? «አንድ ሽማግሌ ነኝ፤ ረሱኝ» ብሎ? ፊቱ እስኪሞቅ አፈረ። የታሰረ፣ የተጎዳ፣ የሰመጠ ሰው ለፖሊስ ይደውላል። የተረሳ ሰው የት እንደሚደውል አልታወቀውም።

እዚያ ማዕዘን ላይ ተጣብቆ፣ ውሃው ከአንገቱ ወደ ጀርባው ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜ ሲሸሸው የኖረ ሐሳብ መጣበት። ሆሎዌይም ያው ነው። እዚያም ቤት አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢወድቅ፣ ማህደር እሑድ እስክትደውል ድረስ የሚያውቅ የለም። ጎረቤቱ ከሌላው ጎረቤት ጋር ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ልጁ ጋ ሄዷል ይላሉ። ደሴቱ አዲስ ነገር አላመጣበትም፤ የኖረበትን ነው ያሳየው።

ዝናቡ ሲያባራ ተነስቶ ወደ ውሃው ወረደ። ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። ቢያንስ ልጩህ አለ። «ሄሎ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ የሻከረ፣ የማያውቀው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ኣበባ ካረፈች ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። «ሄልፕ» ማለት አፉ ላይ አልመጣም። «የሰው ያለህ!» አለ በአማርኛ። «ኧረ የሰው ያለህ!» ውሃው ዝም አለ።

ሰው ሲጠፋ ሌሎች ስሙን እየጠሩ ነው የሚፈልጉት። የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ እሱው ራሱ ጠራው።

«ተስፋኣለም!» ብሎ ጮኸ። «ተስፋኣለም! ወዴት ነህ? ተስፋኣለም!»

ይህን ስም በሙሉ አፍ ሲጠራ ከሰማ ስንት ጊዜ ሆነው። ሐኪም ቤት በአባቱ ስም ሚስተር እያሉ ይጠሩታል፤ ሥራ ቦታ «ቴስ» ነበር የሚሉት። ደጋግሞ ጠራው። እየጠራ እንባው ሲወርድ አላወቀም።

ከሸምበቆው ጀርባ የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ብቅ አለች። ላይዋ ላይ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት የለበሰች፣ ነጭ ፀጉሯ ከኮፍያዋ ሥር ያመለጠ አሮጊት ሴት ተቀምጣለች። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጓ ከጎኗ ተጋድሟል።

«ማን ነው የጠፋብህ?» አለችው። «ስም እየጠራህ ሰማሁ።»

ተስፋኣለም ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ተስፋኣለም የሚባል ሰው ነው» አለ።

«ደሴቱን ዞረህ አየህ? ሸርተት ብሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን!»

«አልገባም። እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ መቅዘፏን አቁማ አየችው። ብርቱካናማውን ላይፍ ጃኬት፣ የረጠበውን ሱሪ፣ ባዶውን ደሴት ተመለከተች። ነገሩ ገባት። አልሳቀችም፤ «አይ የእነዚያ ወንድማማቾች ነገር» ብቻ አለችና ጀልባዋን አስጠግታ እጇን ዘረጋችለት።

ኖሪን ትባላለች። የራሷን ደረቅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣለችለት፤ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳችለት። ሁለት ቀዘፋ ያህል ሄዳ ቆም አለችና ውሃውን አየች።

«ዝናብ ሲያባራ ነው ዓሣው የሚወጣው» አለች። «ካልበረደህ አንድ ጊዜ ልሞክር? ካልሆነ አሁኑኑ አወጣሃለሁ።»

«ይሞክሩ፣ ምንም አይደል» አለ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም እንጂ፣ በልቡ አንቱ ነው ያላት። ሞተር ሳይኖር፣ ሰው ሳያወራ፣ ጀልባዋ በነፋሱ ቀስ እያለች ተንሳፈፈች። ኖሪን ክሯን ወርውራ ትስባለች፣ ደግሞ ትወረውራለች። ምንም አልያዘችም።

«ሁልጊዜ ብቻዎን ነው የሚመጡት?» ብሎ ጠየቃት።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነው። ቤት ስሆን የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ዓሣው ዝም ቢለኝም አልቀየመውም።» ክሯን ጠቀለለች። «አንተስ? በለንደን ሰው አለህ?»

«ልጅ አለችኝ» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ግን ደሴቱ ላይ ሆኜ ስደውልላት ደህና ነኝ አልኳት» አለ።

ኖሪን ዘንጓን አስቀመጠች። አንዱን መቅዘፊያ አቀበለችው። ጀልባዋ መጀመሪያ በእሱ በኩል ተጠማዘዘች፤ እየቆየ ግን እጁ ለመደ፤ ብርዱም ለቀቀው።

ማቆሚያው ላይ ታናሽየው ወንድም ጀልባውን ሸራ እያለበሰ ነበር። ተስፋኣለምን ከኖሪን ጀልባ ሲወርድ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ታላቅየውን ጠራው። ሁለቱም ከአንተ ጋር ነው ብዬ፣ እኔም ከአንተ ጋር ነው ብዬ እየተባባሉ ይቅርታ ጠየቁት። ውስኪ እንጋብዝህም አሉት።

«ምንም አይደል» አለ ተስፋኣለም እንደ ልማዱ።

«ምንም ነው እንጂ!» አለች ኖሪን ከኋላው። «ንገራቸው!»

ተስፋኣለም ወንድማማቾቹን አያቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። «ፈርቼ ነበር» አላቸው። «የሚመጣ ሰው የለም ብዬ ፈርቼ ነበር።»

እነሱም አንገታቸውን ደፉ። ኖሪን ማረፊያው ድረስ በመኪናዋ አደረሰችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ለንደን ሲመለስ ሊሰናበታት ወደ ውሃው ወርዶ ነበር፤ አላገኛትም።

ማህደር ቮይስሜይሉን ሰምታ በጽሑፍ ልብና ፈገግታ ልካለት ነበር፤ «ደስ ስላለህ ደስ ብሎኛል» የሚል። ተስፋኣለም መልስ ሊጽፍ ጀምሮ ተወው። ቅዳሜ ከሰዓት ሳይደውል በትዩብ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ማህደር ወደምትኖርበት ክላፋም ሄደ። የማህደርን በር ካንኳኳ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ሁልጊዜ እሷ ናት የምትመጣው።

በሩን ስትከፍት ደነገጠች። ፀጉሯ አልተበጠረም። ክፍሉ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ አልጋው ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ ወለሉ ላይ የደረቀ ፓስታ ያለበት አንድ ጎድጓዳ ሰሐን አለ።

«አባዬ? ምን ሆንክ? ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሶፊያስ የለችም?» ሶፊያ ቤቱን የምትጋራት ጓደኛዋ ናት።

«ለቃ ሄዳለች። ከገና በፊት።»

አሁን ፀደይ ነው። ተስፋኣለም ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታስብ ብዬ ነዋ።»

«እኔም እንዳታስቢ ብዬ ነው የዋሸሁሽ» አለና የሆነውን ሁሉ ነገራት። ጀልባዎቹ ጥለውት መሄዳቸውን፣ ዝናቡን፣ ስልኩ ላይ ያሉትን የሞቱ ሰዎች፣ ቮይስሜይሉን ከየት ሆኖ እንደተናገረው። ራሱን እየጠራ መጮሁን ሲነግራት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች።

«አይ ሹድ ሃቭ ከም» አለች። «አብሬህ መሆን ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አላት። እንዲህ ብሏት አያውቅም። ቀና ብላ አየችው፤ አልተቆጣም። «እኔም ከዚህ በፊት መምጣት ነበረብኝ። ትዩቡ ሩቅ አይደለም።»

እንቁላል ጠበሰላት። እየበላች ስለ ሥራዋ ነገረችው፤ ቀኑን ሙሉ ከስክሪን ጋር እንደምታወራ፣ አንዳንድ ቀን ድምፅ አውጥታ የምትናገረው ሱቅ ውስጥ «ታንክ ዩ» ስትል ብቻ እንደሆነ። ሳያቋርጣት ሰማት። ከበላች በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ወሬዋን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። የደከመች ልጅ ናት፤ አፏን ገርበብ አድርጋ ትተነፍሳለች።

ተስፋኣለም ብርድ ልብስ አለበሳትና ዕቃውን አጠበ። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርጎ ውጭውን አየ። ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው ማዶ ወዳለው መስክ ይሄዳሉ። አንድም የሚያውቀው ፊት የለም። ቤቱ የሚጠብቀው ሥራም የለም፤ ልማድ ሆኖበት ግን ጫማውን አጠለቀና እስከ በሩ ደረሰ። እዚያ ቆሞ ወደ ልጁ ዞረ። ነቅታ ስታጣው ምን እንደሚሰማት አሰበ።

ጫማውን መልሶ አወለቀ። ወንበሩን ወደ ሶፋው አስጠግቶ ተቀመጠና እስክትነቃ ጠበቃት።